ሙአላ፣ ጉለርዩዝ ወይስ ኤርዶክ? የቱርክ ኤክስፕሬሽኒስት ሥዕል ለሚገዛ

ኤክስፕሬሽኒስት ሠዓሊ ስሜትን ለመግለጽ ሲል ቅርጽንና ቀለምን ያጋንናል። ከሦስቱ የፍክሬት ሙአላን (እ.ኤ.አ. 1903–1967) ሥራ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ወረቀት ላይ በጉዋሽ፣ ማለትም በውኃ በሚቀጥን ድፍን ቀለም፣ የተሣለ ሥዕል ነው። ከ1939 ጀምሮ ፓሪስ ኖሮ ካፌውን፣ መጠጥ ቤቱንና መንገደኛውን ሣለ። የሰዎቹ ፊት በጥቂት የብሩሽ ጭረት ያልቃል፤ ማንነታቸውን የሚናገረው የጀርባቸው መጉበጥና ጠረጴዛው ላይ የተደገፈው ክንዳቸው ነው። ቀለሙ ደማቅ ስለሆነ ቤት ያሞቃል፤ ግን ፀሐይም እርጥበትም አይችልም። መስኮት ፊት ለፊት አይሰቀል፣ የክፈፉ መስታወትም ወረቀቱን አይንካ። ከሁሉ የሚከብደው በስሙ የሚዞረው የሐሰት ሥራ ነው። ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ ሰነድ ከሌለ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ ይተዉት።

በ1938 ኢስታንቡል የተወለደው መህመት ጉለርዩዝ ሌላ ዓለም ነው። ቴአትርም ይሠራ ስለነበር ይመስለኛል፣ ሰዎቹ መድረክ ላይ እንዳሉ ይጠማዘዛሉ፣ ያፈጥጣሉ። ትልልቅ ሸራዎቹን መኝታ ቤት መስቀል አልመክርም። ኃይሉ ግን መስመሩ ላይ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ ውስን የሆነ ገዢ ከዘይት ቀለሙ ይልቅ ንድፎቹንና የኅትመት ሥራዎቹን ይፈልግ። ኅትመት ከሆነ የቅጂ ቁጥሩንና በእጅ የተጻፈ ፊርማውን ያረጋግጡ።

የእኔ ልብ የሚያደላው ለነሼ ኤርዶክ ነው። በ1940 ኢስታንቡል ተወልዳ፣ የአናቶሊያን (የእስያዋን ቱርክ) ገበሬ በግዙፍ እጅና እግር ይሥል ከነበረው ከነሼት ጉናል ዘንድ ተማረች። እሷ ያንን እጅ ከተማ አስገባችው፤ የመርከብ ተሳፋሪ፣ የመንገድ ላይ ሻጭ፣ ሕመምተኛ። እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ የተቀመጠ ሰው ስትሥል ጣቶቹ ከልክ በላይ ይረዝማሉ፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ዓይኑ ይሰፋል። ማንም አይጮኽም፤ ድካሙ ግን አጥንት ድረስ ይሰማል። ለሳሎን ማድመቂያ ብሎ የሚገዛት ይጸጸታል፤ በየቀኑ ከሰው ጋር ፊት ለፊት መቀመጥ ለማይከብደው ግን ከሦስቱ የምመርጠው የእሷን ነው። ሸራው ትልቅ ከሆነ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ የሚያስኬድ ቦታ መኖሩን ቀድመው ይለኩ፤ በስልክ ፎቶ ብቻም አይወስኑ፣ የቆዳው ግርጣት ፎቶ ላይ ይጠፋል።