ለእናቴ ሕመም ጆሮ ለሰጡት የአራት ኪሎዋ ፋርማሲስት፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አራት ኪሎ አካባቢ በምትገኝ አነስተኛ መድኃኒት ቤት የሚሠሩ አንዲት ፋርማሲስትን ለማመስገንና፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው በቤቱ ያለ ሁሉ እንዲያማክራቸው ለመጠቆም ነው። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን በአደባባይ መጻፍ ተገቢ ስላልመሰለኝ ትቼዋለሁ፤ አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ እሰጠዋለሁ።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከደረቷ እስከ ጀርባዋ፣ በግራ ጎኗ ብቻ፣ አልማዝ ባለጭራ ወጣባት። ሽፍታው በአንድ ወር ገደማ ደርቆ ጠፋ፤ ሕመሙ ግን አልጠፋም። ነጠላዋ ሲነካት እንደ ፍም ያቃጥላት ስለነበር ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመች፣ ሌሊትም ተቀምጣ ታነጋ ጀመር። የወሰድናት ክሊኒክ ቁስሉ መዳኑን አይቶ «የዕድሜ ነው፣ ይልመዱት» ብሎ ሸኘን። እኛ ልጆቿም ብንሆን አንዳንዴ «ትንሽ ታበዛዋለች» እንባባል ነበር፤ ይህን ሳስታውስ ዛሬም ይጸጽተኛል። ከዚያ በኋላ ያለኝ መላ ለወራት ዳይክሎፌናክ እየገዙ መመላለስ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ያንኑ መድኃኒት ልገዛ ወደ እርሳቸው ጋ ስገባ፣ ለማን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚወሰድና ታማሚዋ ሌላ ምን እንደምትወስድ ጠየቁኝ። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት እንደምትወስድ ስነግራቸው አልሸጡልኝም። እንዲህ ያለው ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ፣ በተለይ በዕድሜ ለገፋና ግፊት ላለበት ሰው፣ ጨጓራንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ፣ ግፊትንም እንደሚያባብስ፣ ከተጎዳ ነርቭ ለሚመጣ ሕመም ደግሞ እምብዛም እንደማይረዳ አስረዱኝና እናቴን ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ። በማግስቱ ይዣት ሄድኩ። ወንበር ሰጥተዋት «እማማ፣ የሚያምዎት ሲነካዎት ነው ወይስ ሳይነካዎትም?» ብለው ሲጠይቋት እናቴ አለቀሰች። በዚያ ሁሉ ወር እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ያስረዱን ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጉድፍ የሚያመጣው ቫይረስ በልጅነት ከያዘን በኋላ ጨርሶ አይወጣም፤ ከአከርካሪ አጥንት አጠገብ ባሉ የነርቭ ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ይኖርና፣ የሰውነት መከላከያ በዕድሜ ሲዳከም ነርቡን ተከትሎ ወደ ቆዳ ሊወርድ ይችላል፤ አልማዝ ባለጭራ የሚባለው ይህ ነው፤ አንዳንዴም ነርቡን አቁስሎ ይተዋል። ድንገተኛ ሕመም እጃችን ምጣድ ሲነካ ወዲያው እንድናነሳው የሚያደርግ ጠባቂ ነው፤ ከሦስት ወር በላይ የሚቆየው ግን ብዙ ጊዜ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ማንቂያው ራሱ ታምሞ የሚጮህበት ሁኔታ ነው።

እኔም ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ። በ1965 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሌሎቹም እንዲሁ) የሕመም ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመም መልእክትን የሚያሳልፍና የሚከለክል እንደ በር ያለ ሥርዓት እንዳለ ጻፉ፤ የተመታ ጉልበታችንን ስናሸው የሚሻለን ለዚህ ነው። በእናቴ ላይ ግን የነጠላ ንክኪ ራሱ ሕመም የሆነበትን ምክንያት የተረዳሁት ከሌላው ተመራማሪ ከክሊፎርድ ዉልፍ የ1983 ጥናት ነው፤ ከጉዳት በኋላ የኅብለ ሰረሰር የነርቭ ሕዋሳት ራሳቸው ከመጠን በላይ ንቁ እንደሚሆኑ በአይጦች ላይ አሳይቷል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም በ2020 የሕመምን ትርጓሜ ሲያሻሽል፣ ሰው አሞኛል ብሎ የሚናገረው ሊከበርለት ይገባል የሚል ማብራሪያ አክሏል። ይህን ሳነብ «ይልመዱት» የተባለችው እናቴ ትዝ አለችኝ።

ፋርማሲስቷ ራሳቸው ላክማት አላሉም፤ ማስታወሻ ጽፈው ወደ ነርቭ ሐኪም ላኩን። ሐኪሙ መርምሮ፣ የልቧንም ሁኔታ አይቶ፣ ማታ የሚወሰድ አነስተኛ መጠን ያለው አሚትሪፕቲሊን አዘዘላት። እናቴ መድኃኒቱ ለድብርትም እንደሚሰጥ ሰምታ «እኔ አላበድኩም» ብላ እምቢ አለች። እንደገና ያግባቧት ፋርማሲስቷ ናቸው። ከአንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር ወርዶ ሕመምን የሚያረግበውን የሰውነት የራሱን መንገድ እንደሚያግዝ፣ ለውጡ በአንድ ሌሊት ሳይሆን በሳምንታት እንደሚታይ፣ አፍ እንደሚያደርቅና እንደሚያስተኛ፣ ስለዚህ ሌሊት ስትነሳ እንዳትወድቅ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንድትል በትዕግሥት ነገሯት። ከዚያም ሁለት ጊዜ ደውለው ጠየቋት። ለዚህ ሁሉ አንድም ብር አልተቀበሉንም።

ሕመሙ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ጠፋ ብዬ ሰውን ማሳሳት አልፈልግም። ነገር ግን እናቴ ሌሊቱን ትተኛለች፣ እሑድም ነጠላዋን ለብሳ ሥላሴ ታስቀድሳለች።

እርሳቸው ለሁሉም ሰው ንገሩ ያሉኝን አንድ ነገር ላድርስ። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው በተለይ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ሐኪም ጋ ቢደርስ፣ እንደ አሲክሎቪር ያለው ፀረ ቫይረስ የበለጠ ይጠቅመዋል፤ እኛ ሳምንቱን ያሳለፍነው ጎረቤት ያመጣልንን ቅጠል ስንቀባ ነበር። እርሳቸውን ሊያማክር የሚሄድ ሰው ደግሞ ታማሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ የግፊቱንም የስኳሩንም፣ በፌስታል አድርጎ ይያዝ፤ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት እሱን ነው።