ከማኪያቶ ጋር የምትዋጥ ኪኒን፦ የላክቴዝ እንክብል እንዴት አገኘሁት?

ከዐቢይ ጾም 55 ቀናት በኋላ ወደ ወተት በተመለስኩ ቁጥር ሆዴ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላም ቁርጠት ይጀምረኛል። ለዓመታት ጾሙ ሆዴን ያደከመው ይመስለኝ ነበር። እዚህ አሜሪካ የመረመረኝ ሐኪም ግን ችግሩ የላክቴዝ ማነስ መሆኑን ነግሮኝ፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን የላክቴዝ እንክብል እንድሞክር መከረኝ።

ላክቴዝ በትንሹ አንጀት ግድግዳ የሚመረት ኢንዛይም ሲሆን፣ ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር ሰውነት ሊመጥጣቸው ወደሚችል ግሉኮስና ጋላክቶስ ይከፍለዋል። በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዘንድ ጡት ከተጣለ በኋላ መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሳይፈጭ የቀረው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ውኃ ይስባል፣ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉትም ጋዝ ይፈጠራል። ጾሙ ጥፋት አልነበረበትም፤ ወተት ስለማልጠጣ ችግሩ ተሸሽጎ ይቆይ ነበር እንጂ።

የገዛሁት ባለ 60 ፍሬ ማሸጊያ ሲሆን እያንዳንዱ ፍሬ 9000 ዩኒት ላክቴዝ ይዟል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት 12 ግራም ያህል ላክቶስ ያለበትን 240 ሚሊ ሊትር ወተት ብቻውን ጠጣሁ፤ የለመድኩት ሕመም መጣ። በሳምንቱ ያንኑ ያህል ወተት ስጠጣ፣ ከመጀመሪያው ጉንጭ ጋር ነጯን ፍሬ አኘክኋት፤ ጣዕሟ እንደ ጠመኔ ደረቅ ብሎ መጨረሻ ላይ ቫኒላ ቫኒላ ይላል። እስከ ምሳ ሰዓት አንዳች አልተሰማኝም። በሦስተኛው ሙከራ ግን ከጠጣሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብወስዳት ምንም አልረዳችኝም፤ ኢንዛይሙ ወተቱን ሆድ ውስጥ ማግኘት አለበትና ሰዓቱን መጠበቅ የግድ ነው። ማሸጊያው ይህን በደቃቅ ፊደል ከጀርባው መጻፉ ትልቅ ጉድለት ነው።

እንክብሉ የሚሠራው ለላክቶስ ብቻ ነው። ሽሮና ባቄላ የሚያስከትሉት መነፋት ከሌላ ዓይነት ስኳር ስለሚመጣ ላክቴዝ አይነካውም። ለአይብም ብዙ አያስፈልግም፤ ከላክቶሱ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወጣል። እርጎ ውስጥ ያለውንም ከፊሉን ባክቴሪያዎቹ ቀድመው ይበሉታል፣ በንጥር ቅቤ ውስጥ ደግሞ እምብዛም የለም። እናቴ ለአዋቂ እንግዳ ወተቱን አርግታ እንጂ ጥሬውን አታቀርብም ነበር፤ ምክንያቱ አሁን ገባኝ። እኔም እንክብሉን ለወተት፣ ለማኪያቶና ለአይስክሬም ብቻ አስቀምጬዋለሁ።

በዚሁ ሰሞን «ለሁሉም ምግብ» የሚል ሌላ ብልቃጥ በሦስት እጥፍ ዋጋ ገዝቼ ነበር። አሚሌዝ፣ ፕሮቲዬዝ፣ ላይፔዝ፣ የፓፓያ ፓፔንና የአናናስ ብሮመሌን የተባሉ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን አንድ ላይ ይዟል። አንድ ወር ሙሉ ብወስደውም ለውጥ አላየሁም። ጤነኛ ቆሽት ስታርችን፣ ፕሮቲንንና ስብን የሚፈጩትን ኢንዛይሞች ራሱ በበቂ መጠን ያመነጫል፤ ቆሽታቸው የታመመ ሰዎች የሚወስዱት ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት እንጂ ይህ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ተጨማሪ ምግቦች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት ፍቱንነታቸው በመንግሥት እንዲረጋገጥ ሕጉ ስለማያስገድድ፣ የብልቃጡን ተስፋ አምኖ ገንዘብ ማውጣት አይገባም። ክብደት ያለ ምክንያት የሚቀንስበት ወይም ሰገራው ላይ ደም የሚያይ ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

የላክቴዙ ማሸጊያ ሲያልቅ ያንኑ ደግሜ ገዝቻለሁ። ሁለተኛውን ብልቃጥ ግን አልገዛውም።