ሴራሚክ ወይስ በቀለም የተነከረ፦ የመስኮት ፊልም ለሚገዙ

ወዳጆቼ ለመስኮታቸው የፀሐይ መከላከያ ፊልም ሊገዙ ባሰቡ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ በቀለም የተነከረውም ሴራሚኩም ሲያዩአቸው ያው ስስ ፕላስቲክ ሆነው ሳለ፣ ደቃቅ የሴራሚክ ብናኝ ላለበት፣ ሴራሚክ ለሚባለው እጥፍ ድርብ የሚከፈለው ስለ ምን ነው? እኔም እንደዚሁ ብዬ በቀለም የተነከረውን ርካሽ ፊልም ገዝቼ ነበር።

ሲለጠፍ ያምር ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን ፀሐይ በሚበረታበት መስኮት ላይ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ተለወጠ፤ ጠርዙ ተላቆ ተጠቀለለ፤ መሃሉም አረፋ አወጣ። በጥፍሬ ይዤ ስስበው ፕላስቲኩ እየተተለተለ ሲወጣ ሙጫው መስታወቱ ላይ ቀረ። በእንፋሎት እያሞቅሁ፣ በሳሙና ውሃ እያራስሁ፣ በምላጭ እየፋቅሁ አንዱን መስኮት ብቻ ለማጽዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ስለዚህ ዋጋ የሚያወዳድር ሰው በካሬ ሜትር ከሚጠራው ሒሳብ ላይ የማስለጠፊያውንና የማስላጫውን ደምሮ፣ ድምሩን ፊልሙ በሚያገለግልበት ዓመት ማካፈል ይኖርበታል። ለምሳሌ የርካሹ ፊልም ዋጋ 1፣ የሴራሚኩ 3፣ ማስለጠፍና ማስላጥ ደግሞ ለሁለቱም እያንዳንዳቸው 1 ናቸው እንበል። ርካሹ 3 ዓመት ቢቆይ በዓመት 1 ይወድቃል፤ ሴራሚኩ 10 ዓመት ቢቆይ ግን በዓመት ግማሽ ብቻ ይሆናል። የእኔ ምርጫ ሴራሚክ የሆነው በዋናነት በዚህ ስሌት ነው።

ከፀሐይ ከሚደርሰን ኃይል ግማሽ ያህሉ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ሲሆን፣ ከቀረው አብዛኛው የሚታይ ብርሃን ነው። የተነከረው ፊልም በዋናነት ብርሃኑን ስለሚያስቀር ቤቱን ያጨልማል፤ የያዘው ሙቀትም ከፊሉ ከጋለው መስታወት ወደ ውስጥ ይመለሳል። ጥሩ ሴራሚክ ግን ብርሃኑን እያሳለፈ ኢንፍራሬዱን ለይቶ ይከላከላል። ብረት የተቀባው ሌላ ዓይነት ፊልምም ሙቀትን በደንብ ይመልሳል፤ ሆኖም ማታ መብራት ሲበራ መስኮቱን ከውስጥ መልክ ማያ መስታወት ያስመስለዋል፣ የስልክ ሞገድንም ሊያዳክም ይችላል።

ገዢን የሚጸጽተው ግን አስመስሎ የተሠራው ሴራሚክ ነው። ሻጩ የሙቀት አምፖል ያበራና እጅዎን ከፊልሙ ኋላ አስቀምጠው ቅዝቃዜውን እንዲመሰክሩ ያደርጋል። አምፖሉ የሚረጨው በአብዛኛው ኢንፍራሬድ ስለሆነ፣ ትርኢቱ ስለ ፀሐይ የሚነግረን ጥቂት ነው። «95 ከመቶ ይከላከላል» የሚለውም ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው በተመረጠ የኢንፍራሬድ ክፍል ብቻ ነው። መጠየቅ ያለበት ፊልሙ ከጠቅላላው የፀሐይ ኃይል ስንት ከመቶውን እንደሚመልስ ነው። የሚታየው ብርሃን ከጠቅላላው ኃይል ከ40 ከመቶ በላይ ስለሚሆን፣ 70 ከመቶውን ብርሃን የሚያሳልፍ ፊልም በዚህ መንገድ ብቻ 30 ከመቶ ያህሉን ኃይል ያስገባል፤ እንግዲህ እንዲህ ያለው ፊልም ከጠቅላላው 80 ከመቶ ይመልሳል የሚል ሰው ካገኙ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ። አልትራቫዮሌት የተባለውን ሌላውን የማይታይ የፀሐይ ጨረር 99 ከመቶ መከላከሉን ብዙዎቹ ፊልሞች ስለሚጋሩት ለእርሱ ተጨማሪ መክፈል አያሻም።

ሴራሚክን ብወድም አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ዓይን የሚወጋው ነጸብራቅ ራሱ የሚታይ ብርሃን ስለሆነ፣ ፍጹም ግልጽ ፊልም ነጸብራቅን እምብዛም አይቀንስም። ኮምፒውተሩ መስኮት አጠገብ ያለ ሰው ከብርሃኑ 40 ወይም 50 ከመቶ የሚያሳልፈውን ጠቆር ያለ ሴራሚክ ይምረጥ። መስኮቱ ድርብ መስታወት ያለው ከሆነም፣ ሙቀት የሚይዝ ፊልም መስታወቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል የመስታወቱን ዓይነት አስቀድሞ ለባለሙያው መንገር ያስፈልጋል።

ከተለጠፈ በኋላ የሚታየው የውሃ ጉም እስከ 30 ቀን ድረስ ራሱ ይደርቃል፤ ሥር የተቀበረ አቧራ ግን ከዚያም በኋላ እንዳለ ይቆያል። እኔ አሁን የማስለጠፊያውን የመጨረሻ ክፍያ ይህ ወር እስኪያልፍ እይዛለሁ።