አዲሱ ፈረስ ሲያስቸግር፦ ራስ መግራት ወይስ ለገሪ መስጠት?

ጎንደር ገበያ የተገዛ ፈረስ በሳምንቱ መራገጥ ከጀመረ መጀመሪያ ጀርባውን በጣት ጫን ጫን አድርገው ይዩ። ገጣባ፣ የሾለ ጥርስ ወይም የሚቆረቁር ኮርቻ ካለ ሕመም እንጂ ዐመል አይደለም። ገብስ እየበላ ሥራ የፈታም ይፈነጫል።

ራስ መግራት
ወጪ፦ ጊዜ፤ በቀን 20 ደቂቃ ያህል፣ ለሳምንታት።
አሠራር፦ ሳይቀመጡበት በገመድ መምራት፣ ማቆም፣ ማዞር፣ ወደ ኋላ ማስኬድ። እሺ ባለበት ቅጽበት ገመዱ ይላላ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ተቀምጦበት ሳለ ፈረሱ ሲራገጥ ይወርድለታል፣ ፈረሱም መራገጥ እንደሚያሳርፈው ይማራል። ቢያንስ አንድ ቀላል ትእዛዝ ሳይፈጽም አይለቀቅ።

ለገሪ መስጠት
ወጪ፦ ክፍያና ቀለብ።
አደጋ፦ በሻካራ ልጓም አፉ ይቆስላል፤ ወይም ለገሪው ብቻ ይታዘዛል። መጨረሻ ላይ ባለቤቱም እዚያው ይለማመድበት።

ልጓም እንቢ የሚል ወይም ከባጃጅ የሚደነብር በባለቤቱ ትዕግሥት ይታረማል፤ ግን እንደ አዘዞ መንገድ ካለ የመኪና መንገድ ርቆ፣ ሜዳ ላይ። በኋላ እግሩ የሚቆም ወይም ሰው ይዞ የሚሸመጥጥ ከሆነ ለገሪ ነው። ለጥምቀት ሕዝብ መሐል ሊያወጡት ካሰቡ ደግሞ ከበሮውንና እልልታውን ከሩቅ ማስለመድ ከወራት በፊት ይጀመር።