«መቶ በመቶ ታሪካዊ» የተባለው ቀሚስ ከነዚፑ መጣ

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ «ሬኔሳንስ ፌር ካልሄድን» የሚል ልጅ ያለ፣ ይቺን አንብቡልኝ። የኔ 289 ዶላር ሄዷል። አይመለስም። የእናንተ እንዳይከተለው ነው የምጽፈው።

ፌሩን ለማታውቁት ባጭሩ። አሜሪካኖች የድሮ እንግሊዝ መንደር አስመስለው ይሠራሉ። ንጉሥ አለ፣ ንግሥት አለች፣ ፈረስ ላይ ሆነው በጦር የሚጋጠሙ አሉ፣ ክንድ የሚያህል የተርኪ እግር ይበላል። የመጀመሪያው በ1963 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ገንዘብ ለማሰባሰብ የተደረገ ነው። የእኛ አካባቢው አናፖሊስ አጠገብ፣ ክራውንስቪል ላይ ነው። ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር፣ ቅዳሜና እሁድ ይከፈታል። ዘመኑ የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ ስምንተኛ ነው። ከወዲሁ ልናገር፣ ፌሩ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ልብሱን በኦንላይን የሸጠልኝ ሱቅ ላይ ነው። ስሙን አልጽፍም። ነገ ስሙን ቀይሮ ይመጣል፣ የሚጠቅማችሁ አሠራሩን ማወቁ ነው።

ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ድራማ ትሠራለች፣ ታሪክ ነፍሷ ነው። «እማ፣ የሃሎዊን ልብስ ለብሼ አልሄድም፣ እውነተኛውን ነው የምፈልገው» አለች። እሺ አልኩ። ያገኘችው ማስታወቂያ «መቶ በመቶ ታሪካዊ፣ በእጅ የተሰፋ፣ ከተፈጥሮ ጨርቅ፣ የገጠር ልጃገረድ የከፋይ ቀሚስ ከነወርቅ ጥለቱ» ይላል። ፎቶው ያምራል። ጥቁር አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ልጅ መስኮት ዳር ቆማለች፣ የጨርቁ ክብደት በፎቶ እንኳ ይታወቃል። ሰባት ቦታ ለክታችሁ ላኩ አሉን፣ ለክተን ላክን። ከባንክ በቀጥታ ከከፈላችሁ አሥር ፐርሰንት እንቀንሳለን አሉን። እኔ ደግሞ ቅናሽ ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ላክሁ።

ሦስት ሳምንት የተባለው ሰባት ሳምንት ሆነ። የመጣው በግራጫ ፌስታል ነው። የወርቅ ጥለት የተባለው ሕትመት ነው፣ በጥፍር ሲፋቅ ይነሳል። ፊት ለፊት ያለው ማሰሪያ ለጌጥ የተሰፋ ነው፣ አይፈታም፣ አይታሰርም። ከሥር የሚለበስ ሸሚዝ አለው ተብሎ ነበር። ሸሚዝ የለም። እጅጌው ጫፍ ላይ ነጭ ቁራጭ ቀጥለውበት ሸሚዝ አስመስለውታል። ጀርባውን ሳዞረው ዚፕ። ሌብሉ ላይ «ኤም» ይላል። ሰባት ቦታ የለካነው ለኤም ነው እንግዲህ።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት። ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት አደረገችና «ይሄማ መጋረጃ ነው» አለች። ከጠርዙ አንዲት ክር መዘዘች፣ ክብሪት ጫረች። ክሩ ቀለጠ። ተጠቅልሎ ጥቁር ጠጠር ሆነ፣ ወጥ ቤቱ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ሸተተ። ጥጥ ወይም ሊነን ቢሆን እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆን ነበር። ሱፍ ቢሆን የተቃጠለ ፀጉር ይሸት ነበር። ይህን ሙከራ እሷ የለመደችው ሽሮ ሜዳ ነው፣ የፋብሪካ ጨርቅ ላይ የታተመ ጥበብ «የሸማኔ ሥራ ነው» እያሉ ሲያቀርቡላት። እናንተም ከሞከራችሁ ሳህን ላይ፣ አንዲት ክር ብቻ፣ ውሃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ ይሁን።

እልህ ያዘኝና ማንበብ ጀመርኩ። ሄንሪ የሞተው በ1547 ነው። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ዚፕ የመጣው በ1913 ነው። የገመድ ማስገቢያ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ነው። ፖሊስተር ደግሞ በ1941 እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ነው የተፈለሰፈው። አገሩን እንኳ አልሳቱትም፣ የሳቱት 400 ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

እውነተኛው እንዴት እንደነበር ካወቃችሁ የውሸቱን ፎቶው ላይ ትይዙታላችሁ። በዚያ ዘመን የሚለበሰው በድርብርቡ ነው። ገላን የሚነካው ከሊነን የተሰፋ ረጅም ሸሚዝ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን «የተልባ እግር» የሚለው ጨርቅ። ላብ የሚጠጣውም፣ ቶሎ ቶሎ የሚታጠበውም እሱ ነው። ከላዩ የሱፍ ቀሚስ ይመጣል፣ አቅም ላለው ሌላ ይደረብበታል። እጅጌው ብዙ ጊዜ ለብቻው ተሰፍቶ በማሰሪያ ወይም በስፒል ይያያዛል። ቀዳዳዎቹ ዙሪያቸውን በክር የተዘመዘሙ ናቸው። ብዙውን ጊዜ አንድ ገመድ ከታች ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፣ እንደ ስኒከር ማሰሪያ አይጠላለፍም። ስለዚህ ፎቶው ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ቀለበት ካያችሁ፣ ገመዱም ኤክስ ኤክስ እየሠራ ከሄደ፣ «መቶ በመቶ» የሚለው ቃል እዚያው ላይ አለቀ። ሻጩ የጀርባውን ፎቶ ካላሳያችሁ ደግሞ ጠይቁ። ዚፑ የሚኖረው እዚያ ነው።

እኔን በጣም ያበሸቀኝ ግን ማስታወቂያው ራሱን በራሱ ያጋለጠ መሆኑ ነው። እንደገና አንብቡት፦ የገጠር ልጃገረድ፣ የከፋይ ቀሚስ፣ የወርቅ ጥለት። በዚያ ዘመን ማን ምን እንደሚለብስ በሕግ ይወሰን ነበር። የሄንሪ ልጅ ኤልሳቤጥ በ1574 ባወጣችው ትእዛዝ ሐምራዊ ሐርና የወርቅ ጨርቅ ለንጉሣውያን ቤተሰብና ለትልልቅ መኳንንት የተለየ ነበር። ከፋይም ማዕረግ ይጠይቃል። ለተራው ሰውማ በ1571 የወጣ ሕግ ነበረ፣ በእሁድና በበዓል ቀን የሱፍ ቆብ እንዲያደርግ የሚያዝ፣ ሱፍ ሠሪዎቹ ገበያ እንዳያጡ። የሄንሪ ሠዓሊ የነበረው ሆልባይን የሳላቸው የሚያማምሩ ልብሶች የቤተ መንግሥት ሰዎች ልብሶች ናቸው። ሻጮቹ እነሱን አይተው ቀለል አድርገው ይሰፉና «የገጠር» ይሉታል። የተራውን ሰው ልብስ ማየት የፈለገ «ሜሪ ሮዝ» የተባለችውን የሄንሪ የጦር መርከብ ያንብብ። በ1545 ሰጠመች፣ በ1982 ከባሕር ወጣች። ከጭቃዋ የመርከበኞቹ የቆዳ ሰደርያና ጫማ ተገኝቷል። ወርቅ የለበትም።

ወደ ገንዘቤ ልመለስ። ለሱቁ ጻፍኩ። መልሱ ትሑት ነው፣ «ውድ ደንበኛችን» ይላል። በእርስዎ ልክ የተሰፋ ልብስ ስለሆነ አይመለስም። ያኔ ነው ሰባቱ ልክ ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ። ለመስፋት አልነበረም። «በልክ የተሰፋ» ብሎ ለመከራከር ነበር። ሌብሉን ፎቶ አንስቼ ስልክላቸው፣ እሺ ይመልሱት፣ የመላኪያውን እርስዎ ይክፈሉ፣ እኛም 30 ፐርሰንት እንቆርጣለን አሉ። መላኪያውን ስጠይቅ 74 ዶላር። ሱቁ አሜሪካ ውስጥ አይደለም ለካ፣ የአድራሻው ነገር ገጹ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ልጄ ደግሞ የማስታወቂያውን ፎቶ ስልኳ ላይ መልሳ ፈለገችው። የአንዲት ልብስ ሰፊ ፎቶ ነው፣ ከራሷ ገጽ የተወሰደ። እሷ የምትሸጥበት ዋጋ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። እውነት ለመናገር፣ ሱፍና ሊነን በእጅ ተሰፍቶ በ289 ዶላር ይመጣል ብዬ ማመኔ የኔ ሞኝነት ነው። እናቴ አንድ ጋቢ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ስትነግረኝ ነው ያደግሁት።

የሠራሁት ትልቁ ስህተት አከፋፈሉ ነው። በክሬዲት ካርድ ብከፍል ኖሮ «የተባለው ዕቃ አልመጣልኝም» ብዬ መከራከር እችል ነበር። ሕጉ ክፍያው ያለበት ስቴትመንት ከተላከ ጀምሮ 60 ቀን ይሰጣል። ከባንክ በቀጥታ የላክሁትን ግን ባንኬ «አንቺው ነሽ የላክሽው» አለኝ፣ አለቀ። ያ አሥር ፐርሰንት ቅናሽ የተሰጠኝ ለዚህ ነው። ሌላ ደግሞ፣ የአሜሪካ ሕግ ኦንላይን ሻጭ ቃል በገባው ቀን፣ ቀን ካልጠቀሰ በ30 ቀን ውስጥ ካልላከ ገዢው ሰርዞ ገንዘቡን መቀበል ይችላል ይላል። በአራተኛው ሳምንት ላይ ይህን ባውቅ በጽሑፍ እሰርዝ ነበር። ባሕር ማዶ ያለ ሱቅ ይሰማል ወይ? ምናልባት አይሰማም። ካርድ ካለ ግን ያቺ ደብዳቤ ለክርክሩ ትጠቅማለች።

ፌሩ ላይ የሚገዙስ? እዚያ ይሻላል፣ ጨርቁን ትነኩታላችሁ፣ ለብሳችሁ ታዩታላችሁ፣ ብዙዎቹ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ነገር ግን «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚል ወሬ አለ፣ አትመኑት። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሦስት ቀን ደንብ ፌር ላይ የሚሸጥ የእጅ ሥራን አይጨምርም። ኦንላይን ግዢንም አይጨምርም። ሳትከፍሉ በፊት መመለሻውን ጠይቁ፣ ደረሰኙ ላይ ያስጽፉላችሁ።

በመጨረሻ ሄድን እኮ። ልጄ ከአሮጌ ልብስ ቤት በ12 ዶላር የገዛነውን ረጅም የጥጥ ጉርድና የአያቷን ነጭ ሸሚዝ ለበሰች። ሴፕቴምበር ነው፣ የሜሪላንድ ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ በዚያ ፖሊስተር ውስጥ ብትውል ትቀቀል ነበር። በሩ ላይ ልብሷን የመረመረ ሰው የለም። ከፊታችን የተሰለፈው ሰውዬ ቫይኪንግ ነኝ ብሎ ቀንድ ያለው ቆብ አድርጓል፣ ያ ቀንድ ራሱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦፔራ ልብስ ነው። ከኋላችን ክንፍ ያላቸው ሦስት ሴቶች። ከ1966 ጀምሮ ያለው የመካከለኛው ዘመን አፍቃሪዎች ማኅበር እንኳ ከአባሎቹ የሚጠይቀው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የነበረውን ልብስ «ለመምሰል መሞከርን» ብቻ ነው። ለጨዋታ ከሆነ የምትሄዱት፣ «ታሪካዊ» ለሚለው ቃል ብር አትክፈሉ። ልጃችሁ እንደኔዋ እውነተኛውን ካለች ደግሞ የጨርቁን ዓይነት በጽሑፍ ጠይቁ፣ ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አንሱ፣ በካርድ ክፈሉ።

እንዲህ ያለ ልብስ አዛችሁ በክሬዲት ካርድ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ 60 ቀኑ እየሮጠ ነው። ስቴትመንታችሁን ዛሬ ማታ አውጡትና ቀኑን እዩ።