ደሴ ፒያሳ ያለችው የመጻሕፍት ቤት፦ መጽሐፍ ቅዱስንና ቁርአንን ጎን ለጎን ማንበብ ለምትፈልጉ

ወሎ ውስጥ የጎረቤታችንን በዓል እናውቃለን። መውሊድ ላይ ማን ቤት እንደሚበላ፣ ጥምቀት ላይ ማን ቤት ቡና እንደሚፈላ ልጅ ሁሉ ያውቃል። የጎረቤታችንን መጽሐፍ ግን አናውቅም። ይህቺን ቤት የወደድኳት ለዚህ ነው።

ቤቷ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብላ ነው ያለችው፣ ታፔላ የላትም፣ መጻሕፍት ቤቷ የት ናት ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። ትሸጣለች፣ ታከራያለችም። ኪራዩ በቀን ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ በታች ነው። መያዣ ታስይዛላችሁ፣ መጽሐፉን ስትመልሱ ይመለስላችኋል። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን «ጋሼ፣ ሃይማኖቶችን የሚያነጻጽር ጥሩ መጽሐፍ አለዎት?» አልኳቸው።

«አብሽር፣ ሞልቷል። ግን መጀመሪያ መጽሐፉን ራሱን አንብብ። ሰው ስለ መጽሐፉ ያለውን ኋላ ትደርስበታለህ» አሉኝ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱስና የቁርአን የአማርኛ ትርጉም አውርደው፣ ከሁለቱም የዮሴፍን ታሪክ ብቻ አንብቤ እንድመለስ ነገሩኝ።

ስለዚህ ጉዳይ ከተሰጠኝ ምክር ሁሉ ይሄን የሚያህል የለም። ዘፍጥረት ታሪኩን ከምዕራፍ 37 ጀምሮ እስከ ምዕራፍ 50 ድረስ ይዞት ይሄዳል፣ መሀል ላይ የይሁዳና የትዕማር ታሪክ ይገባል፣ ወንድሞቹም በየስማቸው ይመጣሉ። ቁርአን ደግሞ በአንድ ሱራ (ምዕራፍ)፣ በ12ኛው፣ በ111 አንቀጾች ይጨርሰዋል። ስታነቡ ልብሱን ተከታተሉት። ዘፍጥረት ላይ ወንድሞቹ ቀሚሱን በፍየል ደም ነክረው ሲያመጡለት ያዕቆብ ክፉ አውሬ በላው ብሎ ያለቅሳል። ቁርአን ላይ አባትየው ልጆቹን አያምናቸውም፣ ነገሩን ለአላህ ሰጥቶ ይታገሣል። ዘፍጥረት ላይ በግብፃዊው ጌታው በጲጥፋራ ሚስት እጅ የቀረው ልብስ ዮሴፍን ያስወነጅለዋል። ቁርአን ላይ ግን ቀሚሱ የተቀደደው ከኋላ መሆኑ ሲታይ ንጹሕነቱ ይታወቅለታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀሚሱ በአባቱ ፊት ላይ ሲጣል የአባቱ ዓይን ይበራል፣ ይሄ ዘፍጥረት ላይ የለም። በሌላ በኩል ዘፍጥረት 44 ላይ ይሁዳ በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ሆኜ ልቅር ብሎ የሚለምነው ረጅም ልመና ሆድ ያባባል፣ ቁርአን ይህንን በአጭሩ ነው የሚያልፈው። እኔ ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ይህን ታሪክ የማውቀው ይመስለኝ ነበር፣ ግን እንደዚህ ቃል በቃል ተከታትዬ አንብቤው አላውቅም።

መጽሐፍ ቅዱስ ልትገዙ ከሆነ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። የኦርቶዶክሱ 81 መጻሕፍት ነው፣ የካቶሊኩ 73፣ የፕሮቴስታንቱ 66። ረዳቱ ልጅ ይህን በደንብ ያውቃል፣ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። መጽሐፈ ሄኖክና ኩፋሌ ለብቻቸውም አሉ። ሄኖክ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፣ ሙት ባሕር አጠገብ ቁምራን ዋሻዎች ውስጥ የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች ናቸው። አዲስ ኪዳን ውስጥ የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 ላይ ሄኖክ ተጠቅሷል፣ ይህን አይቶ መጽሐፉን የማይፈልግ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ የገዛሁት ቅጂ ግን ከኮፒ ላይ ኮፒ የተደረገ ይመስላል፣ አንዳንድ ገጽ ደብዝዟል። ከመክፈላችሁ በፊት ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ።

ዐረብኛው ያለበት ቁርአን አይከራይም። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው፣ መግዛት ይቻላል። ትክክል ነው፣ እንደዚህ መከበሩን ወድጄዋለሁ።

አሁን ያልተመቸኝን ልናገር። በሩ ላይ፣ ሰው መጀመሪያ በሚያየው ቦታ፣ የተከመሩት የክርክር መጻሕፍት ናቸው። የሁለቱም ወገን። ግማሽ ጥቅስ ቆርጦ የሌላውን እምነት ማጣጣል፣ ገጹ ሁሉ ይኸው ነው። ይሸጣሉ፣ ገባኝ፣ የቤት ኪራይ አለ። ግን ገና ማንበብ የጀመረ ወጣት መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው፣ ከዚያ በኋላ ዋናውን መጽሐፍ ቢከፍት እንኳ ስህተት ሊፈልግበት ነው የሚከፍተው። ጋሼ ለእኔ የሰጡትን ምክር በሩ ላይ ጽፈው ቢለጥፉት ደስ ይለኛል። እነዚያን መጻሕፍት ደግሞ ወደ ውስጥ ያስገቧቸው።

የሌሎቹ ሃይማኖቶች መደርደሪያ ደካማ ነው። የሂንዱዎቹ ባጋቫድ ጊታ አለ፣ 18 ምዕራፍ ነው፣ የቡድሂስቶቹ ደማፓዳም አለ፣ ሁለቱም በእንግሊዝኛ። ስለ አይሁድ እምነት ምንም የለም ማለት ይቻላል። ኦሪቱን ይዘው ለኖሩት ቤተ እስራኤላውያን አገር ይሄ ያሳዝናል።

ትልቁ ጥቅሟ ግን ሌላ ነው። ያልገባችሁን ይዛችሁ ስትመለሱ ጋሼ ራሳቸው አይፈቱላችሁም። ለመጽሐፍ ቅዱሱ አንድምታ (ትርጓሜውን) ወደሚያስተምሩ መሪጌታ፣ ለቁርአኑ ተፍሲር (ማብራሪያውን) ወደሚያቀሩ ሸህ ይልኳችኋል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና የጀማ ንጉሥ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ያሉበት አገር ነው፣ መምህር አይጠፋም። እኔ በሁለቱም በኩል ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ ማንም አላባረረኝም፣ ቡና ጠጥቼ ነው የወጣሁት።

መቀመጫው አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው፣ መብራት ከጠፋም ውስጡ አያስነብብም፣ ስለዚህ ጧት ሂዱ። አርብ ጋሼ ጁምዓ ሲሄዱ ረዳቱ ይቀመጣል፣ እሁድ ጧት ልጁ ቅዳሴ ሲሄድ እሳቸው ይከፍታሉ።

አሁን የተከራየሁት ሱረቱ መርየምን፣ የቁርአንን የማርያም ምዕራፍ ነው፣ ከሉቃስ ምዕራፍ 1 ጋር ላነበው። የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች (ሰሐቦቹ) ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ከእነሱ አንዱ ጃዕፈር በንጉሡ በነጃሺ ፊት የቀራው ከዚህ ሱራ ነው ይባላል። ገና መጀመሪያው ላይ ነኝ። ሁለቱም ታሪኩን የሚጀምሩት ከዘካርያስ ነው፣ በሁለቱም አንደበቱ ይያዛል፣ ቁርአን ላይ ሦስት ሌሊት፣ ሉቃስ ላይ ልጁ ተወልዶ ስም እስኪወጣለት።