ዒድን ስታዲየም ወይስ መስጊድ?

በየዒዱ ቤታችን የሚነሳ ክርክር ነው። አባቴ አንዋር መስጊድ ካልሰገደ ዒድ የዋለ አይመስለውም። እኔ ደግሞ የአዲስ አበባ ስታዲየም ሰው ነኝ።

በሱና (በነቢዩ ፈለግ) በኩል ሜዳው ያይላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ላይ የራሳቸው መስጊድ እያለ ለዒድ ሰላት ወደ ሜዳ ይወጡ ነበር፤ ሴቶችም፣ የወር አበባ ላይ ያሉት ሳይቀሩ፣ ወጥተው ከመስገጃው ፈንጠር ብለው ዱዓውን (ልመናውን) እንዲካፈሉ ታዘው ነበር። መስጊድ ውስጥ ይሄ አይመችም። መካ ላይ ግን የሚሰገደው ሐረም (ካዕባ ያለበት ታላቁ መስጊድ) ውስጥ ነው፣ የሕግ ሊቁ ኢማሙ ሻፊዒይም መስጊዱ ሰፊ ከሆነ እሱ ይሻላል ይላሉ። አባቴ ይቺን ከያዘ አይለቃትም!

ሰላቱ ያው ነው፦ ሁለት ረከዓ (የስግደት ዙር)፣ አዛንም ኢቃማም (የሰላት ጥሪዎቹ) የለው፣ ኹጥባው (ስብከቱ) ከሰላት በኋላ። ብቻ መስጊድ ስትገባ ከመቀመጥህ በፊት ሁለት ረከዓ ትሰግዳለህ፣ ሜዳ ላይ ይሄ የለም።

የስታዲየም ጣጣው ሌላ ነው። ውዱእህን (የሰላት ትጥበትህን) ቤት ጨርሰህ ካልወጣህ አለቀልህ። ከዘገየህ ደግሞ ውጪ አስፋልት ላይ ነህ። አንዴ መስገጃ ረስቼ ጋዜጣ ላይ ሰገድኩና ግንባሬ ላይ የጠጠር ምልክት ይዤ ቤት ገባሁ፣ እናቴ ሳቀችብኝ።

ዝናብ ከጣለ መስጊድ፣ ያለ ክርክር። ሰማዩ ከጠራ ግን ስታዲየም ነው። ተክቢራው («አላሁ አክበር» የሚለው ውዳሴ) ከአንዱ ጥግ ተነስቶ ሌላው ጥግ እስኪደርስ ትንሽ ይዘገያል፤ እሱን ለመስማት ብዬ ብቻ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት እነሳለሁ።